ሩብ ኪኒን በቅቤ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን! እዚህ መቆም ከብዶኛል፤ ብዙ እሁድ ልነሣ ስል ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልወጣም።

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ቅዳሜ ነበር። እማ ሮብ ገበያ ከተማ ባለው ቤታችን አራስ ናት። ትንሿ እህቴ የሳምንት ልጅ ነች፤ ስም እንኳ አላወጣንላትም። አፍንጫዋ ታፍኖ ታለቅሳለች። አባዬ፣ «ይቺ ልጅ ሰባኪ ልትሆን ነው፤ ማይክም አያስፈልጋት!» ብሎ አሳቀን።

እኔ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩ፣ የቤቱ አዋቂ ነኝ። ጎረቤታችን እትዬ የኔነሽ ለሕፃኗ የሚላስ ቅቤ አምጥታ ነበር። ከአባዬ የሳል ኪኒን ሩቡን ፈጭቼ በዚያ ቅቤ ለውሼ አላስኳት። ለትልቅ ሰው አንድ ከሆነ ለሕፃን ሩብ ይበቃል ብዬ ነው። ጸጥ ብላ ተኛች። እማ፣ «ጌታ ሰማን!» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ማታ ደገምኩላት።

እሁድ ጠዋት ለጡት አልነቃ አለች። ከንፈሯ ጠቆረ። በሚኒባስ ይዘናት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ፣ «መድኃኒት ሰጥታችኋታል? አትደብቁኝ» አለ። «የአራስ ልጅ ጉበት ገና ሥራውን አልለመደም። ከእኛ ሰውነት ቶሎ የሚወጣው እሷ ላይ ይቆያል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። የሰጣችሁትን ካወቅሁ የማደርገው ይኖራል።»

«ከጡቴ በቀር ምንም» አለች እማ።

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወገኖቼ፣ አፌ አልተከፈተም!

አመሻሽ ላይ አረፈች።

ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ «እናቷ እንቅልፍ ጥሏት ተኝታባት ይሆናል» ተባለ። እማ ሰማች። «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» ብላ ደረቷን መታች።

በመዝሙር እጄን የማነሣ ልጅ ነበርኩ፤ ጌታን ግን አላውቀውም ነበር። ያን ሌሊት በረት ገብቼ ተደፋሁ። «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን የምናገርበት አፍ ስጠኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ እማ እግር ስር ተንበረከክሁ። የተረፈውን ኪኒን እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

«እማ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ሐኪሙ ሲጠይቅም ዝም አልኩ።»

እማ ኪኒኑን አየችው። ከዚያ እጄን ያዘች።

«ይህን ይዘህ ብቻህን አደርክ?» አለችኝ።

ሃሌ ሉያ! ምሕረትን ያን ጠዋት አወቅሁ። ዛሬም አፍራለሁ። ጌታ ግን አላፈረብኝም፤ ስሙ ይባረክ! የተሰወረ ነገር የያዛችሁ ወገኖቼ፣ እመኑት፤ እውነቱን ይዞ የሚመጣውን አይገፋም። እኔ እስከ ጠዋት ጠበቅሁ። እናንተ አትጠብቁ።