ዓይናቸው የተሸፈነው ፎቶ

በስሜ ከታተሙት የካንሰር ጥናቶች ሁሉ ሌሎች ተመራማሪዎች አብዝተው የሚጠቅሱት አንዱን ነው። በእኛ ሙያ ክብር የሚለካው በዚሁ ነው፤ ስንት ጻፍሽ፣ ስንት ሰው ጠቀሰሽ ነው ነገሩ። በዚያ ጥናት የተነሳ "እንኳን ደስ ያለሽ" በተባልኩ ቁጥር ወሬ አስቀይራለሁ።

ጥናቱ የጡት ካንሰር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚደጋገም የሚያሳይ ነው። መነሻው አንዲት የላስታ እናት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። ለእኛ ቤት አበልጅ ናቸው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳቻት እናቴ ናት። የእትዬ እናትና እህት በጡት ሕመም ሞተዋል። እሳቸውም እብጠቱ ሲወጣባቸው ለነፍስ አባታቸውና ለእኔ ብቻ ተናገሩ። እኔም ሐኪም ነኝና አዲስ አበባ ወስጄ አሳከምኳቸው። ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ለሕክምናው ይረዳል ብዬ ፎቶ ላነሳቸው ስጠይቅ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። የተስማሙት ለልጃቸው ሲሉ ነው።

"የእኔስ ይሁን፤ ልጄን ግን አደራ፣ በጊዜ እያት። ይሄን ገላዬንም ከሐኪም በቀር ሰው እንዳያየው፣" አሉኝ።

በቅዱስ ላሊበላ ስም ማልኩላቸው።

ፎቶውን ያሳየሁት ለፕሮፌሰሬ ብቻ ነው፤ ስለ ሕክምናው እንዲያማክረኝ። መሐላዬንም ነግሬዋለሁ። ያኔ "እርስዎ" ነበር የምለው፤ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሏል። ያስተማረኝ፣ የላቦራቶሪውን በር የከፈተልኝ፣ እንደ አባት የማየው ሰው ነበር። ጥናቱን አብረን ጻፍን፤ እኔ ያነበብኩት ረቂቅ ፎቶ አልነበረበትም። ታትሞ ሲወጣ ግን እትዬ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮባቸው ተቀምጠዋል።

እያለቀስኩ ደወልኩለት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ጥናቱን ያተመው ጆርናል ፎቶ ስለፈለገ በችኮላ እንደላከውና ዛሬውኑ ጽፎ ከጥናቱ እንደሚያስወጣው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በጠየቅኩት ቁጥር ጽፌላቸዋለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው ይለኝ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ሰምቼ ግን ምን ጠቀመኝ? አመንኩት።

አምና ለገና ላሊበላ ስሄድ እናቴ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። አደራ በላ መውለዷን አታውቅ እንደነበር ነገረችኝና በእትዬ መንደር ጤና ጣቢያ የተለጠፈውን ሄጄ እንዳይ አዘዘችኝ። ሄድኩ። ሴቶች በጊዜ እንዲመረመሩ የሚመክር ፖስተር ነው። ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም፤ ፎቶውን ከጥናታችን ወስዶ ከሥር በትንንሽ ፊደል በወጉ ጠቅሶናል። ዓይናቸው ተሸፍኗል፤ የአንገታቸው ንቅሳት ግን ወለል ብሎ ይታያል። እትዬ በልጅነታቸው ሲነቀሱ ሕመሙ ቢብስባቸው፣ በስተግራ አንዱ ረድፍ ሳያልቅ ከነቃሿ እጅ አምልጠው የሮጡ ናቸው። አገሩ ሁሉ በዚህ ሲቀልድባቸው ኖሯል። እዚያ አገር ዓይን መሸፈን ማንን ይደብቃል? የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፤ ወዲያው አነሳው።

እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ ለፕሮፌሰሬ ደወልኩና ጆርናሉ ምን እንደመለሰ ጠየቅኩት። ጭራሽ አለመጻፉን ነገረኝ።

"ፎቶው ከጥናቱ ከወጣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ስምሽን ያስጠራው እኮ እሱ ነው፣" አለኝ፤ ውለታ እንደዋለ ሰው ረጋ ብሎ።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ሞኟ እኔ ነበርኩ፤ የተቆረጠው ግን ከእትዬ ደጅ ነው። ስልኩን ዘጋሁበት። በማግስቱ ለጆርናሉ ራሴ ጻፍኩ፤ እስከ ዛሬ እየተጻጻፍን ነው።

ከጤና ጣቢያው ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ክንዴን ይዘው አነሱኝ፤ አብሽሪ፣ አንቺም ተታልለሽ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉኝ። ትንሽ ሲቀለኝ ልጃቸውን ጠየቅኩ፤ በቃሌ መሠረት ልመረምራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ወደ ውስጠኛው ክፍል አዩ። ልጂቱ እዚያ ነበረች፤ ድምፄን ሰምታም አልወጣችም።

"እሷም እብጠት አውጥታለች፤ በግራ ጡቷ ነው፣" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወዳንቺ እንድትሄድ ብለምን ብለምን፣ 'እንዳንቺ ግድግዳ ላይ ከምለጠፍ ብሞት ይሻለኛል' አለችኝ።"

ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩና እህቴ ብዬ ጠራኋት። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።