ናፍጣ ሲጠፋ ወንዙን ያስፈጩልን ጋሽ ወልዴ

ዛሬ ቦንጋ ገበያ መሐል ጎንበስ ብዬ የጋሽ ወልዴን ጉልበት ሳምኩ።

በደርግ ዘመን እዚሁ ከፋ ውስጥ ዋጫ ከተማ ስንኖር ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ ለወራት ተዘጋ። እናቴ አራስ ሆና በቆሎ በድንጋይ ስትፈጭ መዳፏ ቆሰለ።

የወፍጮው መካኒክ ጋሽ ወልዴ ይህን አይተው፣ «ወንዝ እያለልን ናፍጣ እስኪመጣ እንጠብቃለን?» አሉ። ጎረቤቱን አስተባብረው ቦይ ቆፈሩ፤ የእንጨት መንኮራኩር ሠርተውም ወፍጮውን በውሃ አዞሩት።

የቀበሌው ሊቀመንበር «ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ግን እህላቸውን ይዘው ከሁላችን ቀድመው ተሰለፉ።

የእናቴም እጅ ዳነ።

ዛሬ ሳመሰግናቸው፣ «እኔ ምን አደረግኩ? የፈጨው ወንዙ ነው» አሉኝ።

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ታዳሽ ኃይል በተወራ ቁጥር እሳቸው ይታወሱኛል።

በእናንተ ሰፈርስ ነዳጅ ሲጠፋ መላ የዘየደ ማን ነበር? ንገሩን፤ በሕይወት ካሉም ሄዳችሁ አመስግኗቸው።