«ሞተር ይጥፋ» ያልኩ ጊዜ

በቀደም የእህቴ ልጅ አዲስ መኪናውን ሊያሳየኝ አዳማን ሲያዞረኝ፣ መብራት ላይ እንደቆምን ሞተሩ ጸጥ አለ። «ጠፋብህ!» ብዬ ጮኽኩ። ሳቀብኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ መኪናው ራሱ ነው የሚያጠፋው፤ እግሩን ከፍሬን ሲያነሣ ደግሞ ራሱ ይነሣል። «ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖስ? በየመብራቱ ሲያስነሣ አያልቅም?» አልኩት። «ይኼኛው ለዚሁ ተብሎ የተጠናከረ ነው፤ ባትሪውም እንደዚያው። እንዲህ ላልተሠራ መኪና ግን አይሆንም» አለና፣ ሞተሪኖ ማወቄ ገርሞት «ማን አስተማረሽ አክስቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አረንጓዴው በራ፤ እግሩን ከፍሬኑ አነሣ፤ ሞተሩም ራሱ ተነሣ።

ያስተማሩኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነበሩ። ያኔ ከተማዋ ናዝሬት፣ ዘመኑ ደርግ፣ ቤንዚኑም በኩፖን ነበር። የከብት ክትባት በሚያሠራጭ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነበርኩ። መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ስለ መኪና የማላዝዘው ነገር ግን አልነበረም። ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምላቸው። ክትባቱን በበረዶ አሽገው ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በየመንደሩ ቆም እያሉ ያድላሉ፤ ለአጭር ጊዜ ሲቆሙ ሞተሩን አያጠፉም። ይህን ሰማሁና ለደቂቃም ቢሆን የቆመ መኪና ሞተሩ ይጥፋ ብዬ አዘዝኩ። ያዘዝኩት በቃል ነው፤ ወረቀት አልጻፍኩም።

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ሞተርን የሚበላው መነሣቱ ነው። ዘይቱ እስኪዳረስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋጫል። ሞተሩ እንኳ ይቻለው እንበል፤ ሞተሪኖው ግን በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ እንዲያስነሣ አልተሠራም። ረዘም ላለ ጊዜ ስቆም እኔም አጠፋለሁ። ለሁለት ደቂቃ ግን ምን ይጠቅመናል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ልማድ ሆኖብዎት ነው» አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቆባቸውን መልሰው አጠለቁና «ካልሽ እሺ» ብለው ወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እንዳዘዝኩት አደረጉ።

በወሩ መጨረሻ ቤንዚን ተረፈ። አለቃችን በሠራተኛው ፊት አመሰገኑኝ፤ ልቤ አበጠ። ሞተሪኖው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። መለዋወጫ አይገኝም። ጋሼ ቁልቁለት እየፈለጉ ማቆም ያዙ፤ ሊነሡ ሲሉ መኪናውን ለቀቅ ያደርጉትና እየተንደረደረ በማርሽ ያስነሡታል። ሁለት ጊዜ መጥተው ነገሩኝ። ሁለት ጊዜም «ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው። ትእዛዜን አላነሣሁም፤ የተመሰገንኩበት ነገር ነዋ!

ከመቂ ወዲያ አገሩ ገበታ ነው፤ ቁልቁለት ከየት ይምጣ? አንድ ቀን እዚያ፣ አንዲት መንደር ላይ ቆሙ፤ አጠፉ፤ የመንደሩን ድርሻ አስረክበው ሲመለሱ መኪናው እምቢ አለ። የገበያ ቀን ስለነበር የመንደሩ ሰው ገበያ ሄዷል፤ የሚገፋ አልተገኘም። ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ወደ ማታ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ገፍተው አስነሡላቸው። በረዶው ውሃ ሆኗል። ክትባቱ ተበላሸ፤ በቀጣዩ መንደር ከብቶቻቸውን ይዘው ሲጠብቁ የዋሉት ገበሬዎችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ኮሚቴ ተሰየመ። አንዱ አባል «ይህ አሻጥር ነው» አለ። ያኔ ሰው ለማሳሰር ይህች ቃል ትበቃ ነበር።

«ሞተሪኖው ለምን እንዲህ ቶሎ አለቀ?» ብለው ጠየቋቸው።

«በማጥፋትና በማስነሣት ብዛት ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

ጋሼ ወደ እኔ አላዩም። መሬት መሬት እያዩ «ቤንዚን ቆጥቡ ተብለናል» ብቻ አሉ። ስሜን ሊያነሡ አልፈለጉም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። ፈራሁ፤ ግን እንደ ፈራ ሰው አልተናገርኩም። «ቆጥቡ ብያለሁ፤ መኪና ግደሉ ግን አላልኩም» አልኩ። ሰዎች ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እውነትም ልመልሳት አልቻልኩም።

ተመስገን ነው፣ አልታሰሩም። ቁልፉን ተቀብለው በር ጠባቂ አደረጓቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው በየማለዳው በር እየከፈቱ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ይሉኛል። ቤቴ ሆኜ የምናገረውን እየተለማመድኩ እመጣለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ለሥራ ወደ መልካሳ ስሄድ፣ ሞተሪኖው በተለወጠለት በዚያው መኪና ከአዲሱ ሾፌር ጎን ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ ጋሼ መዝገባቸውን ይዘው ቀረቡ። ሾፌሩ ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ «ተወው ልጄ፣ አሁን ነው የምጽፈው፤ አታጥፋው» አሉት። ከዚያ እኔን አዩኝና ደነገጡ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ትእዛዝ መሆኑን ረስቼ ነው።»

ሾፌሩ አየኝ። «አታጥፋው» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ስትቆም አታጥፋ።»

ጋሼ ጽፈው ጨረሱ፤ በሩን ከፈቱ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያዘዝኩዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ነበረብኝ። «ደህና ይዋሉ» አልኳቸው።