ቁጥር የሌለው ሰዓት እና የሮባ ወንድማማቾች ክስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ አለመተንፈስን ነው። ሙሴ ካራ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሰላ ገበያ አጠገብ ሰዓት ቤት የከፈተ አርመን ነበር። የተፈታ የእጅ ሰዓት ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ ሰዓት ሲከፈት ሰው አፉን ይዘጋል አለኝ። ዘጋሁ። ስለ አፍንጫ ግን አልነገረኝም ነበርና አስነጠሰኝ። አንዲት ብሎን በረረች። ሁለታችንም ተንበርክከን ወለሉን ስንዳስስ ውለን፣ ማታ ልንዘጋ ስንል ከሙሴ ካራ ጢም ውስጥ ተገኘች።

ከዚያ በፊት የስፌት መኪና እጠግን ነበር። የስፌት መኪና አልሠራ ሲል አንዴ መታ ቢያደርጉት ይሰማል። ሰዓት እንደዚያ አይደለም። ዕቃችን ወረንጦ፣ ቀጫጭን ካቻቪቴ፣ ዐይን ላይ የሚጣበቅ ማጉያ መነጽርና ማጠቢያ ቤንዚን ነው። ሞላ የሚቀይረው ሙሴ ካራ ነበር። እኔ አጥባለሁ፣ መስታወት እለውጣለሁ፣ ማሰሪያ እገጥማለሁ፣ ባንኮ ላይ ቆሜ እሸጣለሁ። ከሁሉ የከበደኝ መሸጡ ነው።

በዚያ ዘመን ወንድ ሰዓት የሚገዛው እንዲታይለት ነው። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ወርቅማ ይፈልጋሉ። ገበሬው ቁጥሩ በጨለማ የሚያበራ ይላል። አንድ የእህል ነጋዴ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰዓት እንዳለን ጠይቆኝ ያውቃል። የግድግዳ ሰዓት አሳየሁት። በእጁ ለክቶ ትንሽ ከበደኝ ብሎ ተወው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ሙሴ ካራ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ስንከፍተው በሙሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው። ፊቱ ነጭ፣ ማሰሪያው ጥቁር ቆዳ፣ ሁለት ቀጫጭን ጠቋሚዎች። ሌላ ምንም የለም። ቁጥር የለ፣ ነጥብ የለ፣ የፋብሪካ ስም የለ። እኔ ያላለቀ ዕቃ አታለው የሸጡለት መስሎኝ አዘንኩለት። እሱ ግን በኩራት ያየዋል። በአውሮፓ ጨዋ ሰው የሚያስረው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሰዓት ዝም ሲል ያምራል አለኝ።

አሰላ ውስጥ ዝም ያለ ሰዓት የሚፈልግ አልተገኘም። አንዱ ደንበኛ ቁጥሩ በመንገድ ረግፎ እንደሆነ ካርቶኑን እንዳራግፍ መከረኝ። ሌላው ቁጥሩን ለብቻው ትሸጡታላችሁ ወይ አለኝ። ወደ ጢቾና ወደ አርቦዬ ገበያ ይዤ ሄድኩ፤ እንደያዝኩ ተመለስኩ። ሙሴ ካራ ከፋው። ካርቶኑ ካልተሸጠ ለአንተም ለእኔም የሚበቃ ሥራ የለም አለኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ።

ኦቦ ሮባ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በጭላሎ ግርጌ ሰፊ የገብስ ማሳ ያላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከታናሽ ወንድማቸው ከኦቦ ጅሎ ጋር በአንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ሲካሰሱ ዓመታት አልፈዋል። ዛፎቹ የቆሙት በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ነው። ሁለቱም የአባቴ ተክል ለእኔ ነው ይላሉ። አባታቸው አንድ መሆኑን ግን ማንም አያነሳባቸውም። ዳኛው በመጨረሻ ተሰላችቶ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ልክ በሦስት ሰዓት ያልተገኘ መብቱን ያጣል፣ ሁለቱም ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል ብሏቸዋል። ኦቦ ሮባ ሰዓት የፈለጉት ለዚህ ነው።

ወርቅማውን አሳየኋቸው፤ ለሴት ነው አሉ። የሚያበራውን አሳየኋቸው፤ የጅብ ዐይን ይመስላል አሉ። ተስፋ ቆርጬ ባዶውን አወጣሁ። ብዙ አገላብጠው አዩት።

"ቁጥሩ የት ሄደ?"

"የለውም ኦቦ። ሰዓት ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው።"

"እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ፀሐይስ መቼ ቁጥር ኖሯት ያውቃል?"

በሀበሻ ሰዓት ሞልቼ ላስርላቸው እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ። ለቀጠሮው ቀን ቤታቸው ራሳቸው እንደሚያስሩት ነግረውኝ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ኦቦ ጅሎ መጡ። ወንድሜ የወሰደውን ስጠኝ አሉ። ሌላ ላሳያቸው ብል አልሰማ አሉ። ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዲያነቡልኝ ስጠይቃቸው ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይሄዳል አሉኝ። ከዚያ በላይ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ሙሴ ካራ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ በደስታ ያፏጫል።

በቀጠሮው ዕለት የሆነውን ኋላ ከራሳቸው ሰማሁ። ኦቦ ሮባ የተከበረ ነገር በቀኝ እጅ ነው የሚታሰረው ብለው ሰዓቱን በቀኛቸው አሰሩት። ሲያስሩት ተገለበጠ። ቁጥር ቢኖረው ወዲያው ይታያቸው ነበር፤ ባዶው ግን ከላይም ከታችም አንድ ነው። ሰዓት ሲገለበጥ አጭሩ ጠቋሚ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ይመስላል፤ ረጅሙ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይስታል። ኦቦ ሮባ በፈረንጅ የሚቆጥር የመሥሪያ ቤት ሰዓት የሸጥኩላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ስድስት እየቀነሱ ማንበብ ጀመሩ፤ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ እንደቀሩ ግን አላወቁም። ገና ሳይነጋ ነበርና የመስጊዱ አዛን ከሰዓታቸው ቀድሞ ሲሰማ ሙአዚኑ ቸኩሏል ብለው አለፉት።

ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለ ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ኦቦ ጅሎ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጡ። ሰዓት ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሐሳባቸው ወንድማቸው ሲነሡ መነሣት ነው። እንዲህ ሁለቱ በመንገድ ግራና ቀኝ ሆነው፣ አንዱ የተገለበጠ ሰዓት፣ ሌላው ወንድሙን እያየ፣ ሻይ ሲጠጡ ስማቸው ተጠራ። ማንም አቤት አላለም። ኦቦ ሮባ በሰዓታቸው ገና ሦስት ሊሞላ ሲል ሲነሡ ኦቦ ጅሎም ተነሡ። ሲደርሱ መዝገቡ ተዘግቷል።

ሁለቱ አብረው ወደ ሱቃችን ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸው። አሰላ እነሱን ጎን ለጎን ሲሄዱ አይታ አታውቅምና ሰው ከኋላቸው ይከተላል። ሙሴ ካራ መጋረጃውን ዘጋ። ኦቦ ሮባ ሲናገሩ ኦቦ ጅሎ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ኦቦ ጅሎ ሲናገሩ ኦቦ ሮባ ይጨምሩላቸዋል። ተገልብጦ እንደታሰረ ላስረዳ ሞከርኩ። ሰዓት በየትም በኩል ቢታሰር እውነት መናገር አለበት አሉኝ። ሰዓቱን ከነሻጩ እንከሳለን ብለው ሄዱ።

ከሰሱኝ። መጥሪያው በደረሰኝ ጊዜ ሙሴ ካራ፣ ከተረታህ ከባዶዎቹ ሰዓቶች ጋር አብረህ ትወጣለህ አለኝ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ጎረቤት ነገራት።

ዳኛው ያው የቀድሞው ነበር። ሁለቱን በአንድ ወገን ቆመው ሲያይ ጸሐፊውን ስም ተሳስተህ እንዳይሆን ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ሰዓቱን አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀን። ኦቦ ሮባ አንድ ነገር አሉ። እኔ ሌላ አልኩ። ኦቦ ጅሎ ወንድሜ እንዳለው አሉ። ዳኛው ራሱ ሊፈትነው አሰረውና ረጅም ጊዜ አየው። የታሰረው ተገልብጦ ነበር፤ ማን ይናገር? በመጨረሻ የመሙያው ቁልፍ በግራ እጅ ላይ ወደ ጣት በኩል መዋል እንዳለበት ስነግረው ፈቶ መልሶ አሰረው። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየው። ልክ ነበር።

ከዚያ ወደ ወንድማማቾቹ ዞረ።

"ያ የባሕር ዛፍ ነገር እንዴት ሆነ?"

"ቆርጠን ሸጥነው ጌታዬ" አሉ ኦቦ ሮባ።

"ማን ቆረጠው?"

"እኔና እሱ።"

"ለምን?"

ኦቦ ጅሎ መለሱ። "ለዚህ ክስ ወጪ ነዋ።"

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። ችሎት ውስጥ አይሳቅምና ሁላችንም ወለሉን አየን። ጸሐፊው ግን አልቻለም፤ ሳል አስመስሎ ወጣ። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ነው መሰለኝ የገባቸው። የሚካሰሱበት ዛፍ የለም። በሁለቱ ማሳ መሐል የቀረው ጉቶ ነው፣ እሱም የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

ዳኛው ሰዓቱ ጤነኛ ነው ብሎ ክሱን ሰረዘ። ደጅ ስንወጣ ሁለቱ ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስል ደረጃው ላይ ቆሙ። ቀጠሮ የሌላቸው ቀን ገጥሟቸው አያውቅም። ቆይተው ኦቦ ሮባ ለወንድማቸው በኦሮምኛ፣ ጉቶውን ነቅለን ገብስ እንዝራበት አሏቸው። ኦቦ ጅሎ በየትኛው በኩል አላሉም። በቅሎዎቻቸውን ፈትተው በአንድ መንገድ ሄዱ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በማግስቱ አንዲት እናት ለሁለት ወንዶች ልጆቿ ያንን የሚያስታርቀውን ሰዓት ስጠኝ አለችኝ። ከእሷ ኋላ የዕድር ዳኛ መጣ። እንደማያስታርቅ ብነግራቸውም አላመኑኝም። ካርቶኑ አለቀ፤ ሙሴ ካራ ሌላ አዘዘ። ልጄ በዚያው ወር ተወለደች።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰዓት ስትሸጡ በደንበኛው እጅ ላይ ራሳችሁ እሰሩት፤ ከዚያ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ጠይቁት። ነውር መስሎ ቢታያችሁም ጠይቁ። መመለስ ካቃተው ቁጥር ያለውን ስጡት።