ሰጠኝ ከመተማ ይዞት የመጣው

እናትነሽ ሰጠኝን ስታገባ የመንደሩ ሰው «የታደለች» ይላት ነበር። ሰጠኝ ሥራ የማይታክተው፣ ቀልደኛ፣ ለእናቷም እንደ ልጅ የሆነላት ሰው ነው። ሰቆጣ ዙሪያ፣ አባቱ ባወረሱት ቁራሽ መሬት ላይ ጎጆ ቀለሱ። መሬቱ ግን ከዓመት ዓመት አያደርስም፤ ስለዚህ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሰጠኝም እንደ ሌሎቹ ወደ መተማ ይወርዳል።

በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ ዝምተኛ ሆኖ መጣ። ሽንቱን በሸና ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ያልፋል።»

አመነችው። አባቷም እንዲያ ሲሉ ሰምታ አድጋለች። ሰንበት ብሎ ሰጠኝ ከተማ ወጣና መርፌ ተወግቶ ተመለሰ፤ ቀልዱም አብሮት ተመለሰ። እሷን ግን ከእንብርቷ በታች ይወጋት ጀመር፤ ፈሳሽም ነበረው። አፍራ ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ሕመሙ እያደር በረድ አለ፤ ልጅ ግን አልመጣም።

ፀበል ተጠመቀች፣ ስለት ተሳለች። አማቷ «በቅሎ» ይሏት ጀመር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ተለያዩ፤ ሰጠኝም ከአበርገሌ ለተሥላሴ የምትባል ልጅ አገባ።

እናትነሽ ሰቆጣ ገብታ፣ ከሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሽንኩርት መቸርቸር ያዘች። ክርስትና ያለበት ቤት አትሄድም። ጎረቤቶቿ ሕፃን አቅፈው ሲያልፉ፣ «ዓይኗ በላው» እንዳትባል ፊቷን ትመልሳለች። በዓመት በዓል በሯን ዘግታ ትውላለች።

አንድ ክረምት ሕመሙ ሲጠናባት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሊድያ የምትባል ነርስ መርምራት ብዙ ጠየቀቻት። የሰጠኝን ነገር ስትሰማ ቀና አለች።

«እቴ፣ ይሄ ጨብጥ ይመስለኛል። ድንጋይ አያስይዘውም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው።»

«እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም!»

«አምንዎታለሁ። እሱ ይዞት መጣ፣ ለእርስዎ አስተላለፈ፣ ብቻውን ታክሞ ዳነ። ሁለታችሁም አብራችሁ መታከም ነበረባችሁ። እርስዎ ሳይታከሙ ስለቀሩ ጠባሳው የማህፀን ቱቦውን ዘግቶት ይሆናል።»

«አሁን ብታከምስ?»

«ሕመሙን እናስታግስልዎታለን። የልጁን ነገር ግን ተስፋ ልሰጥዎ አልደፍርም።»

ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ለማን ልንገር ብላ አሰበች። እናቷ ሞታለች፤ ሌላ ሰው አልመጣላትም።

በገበያ ቀን ለተሥላሴን አየቻት፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። እናትነሽ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኸምጥኛ ጠርታ አስቀመጠቻት።

«ሰጠኝ ዘንድሮ ከመተማ ሲመለስ ሽንት አቃጥሎታል?»

«ማን ነገረሽ?» ለተሥላሴ ደነገጠች።

«እኔንም ድንጋይ ነው ብሎኛል።» ነርሷ ያለችውን ሁሉ ነገረቻት።

ለተሥላሴ ተነሣች። «ወልደሽ ስላልሳምሽ ጎጆዬን ልታፈርሺ ነው!» ብላት ሄደች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማ። እናትነሽ ያን ቀን ዕቃዋን ቀድማ ሰበሰበች።

በሚቀጥለው ገበያ ግን ለተሥላሴ ራሷ መጣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ጤና ጣቢያ ብቻዬን አልገባም። አብረሽኝ ሂጂ» አለቻት።

አብረው ገቡ። ሊድያ ለተሥላሴን አከመቻት፤ «ባልሽ ካልታከመ መልሶ ያስይዝሻል፤ ይዘሽው ነይ» አለቻት። ሰጠኝ ማንገራገሩ አልቀረም፤ ግን መጣ። አግዳሚው ወንበር ላይ መድኃኒቷን ለመውሰድ ተራ የምትጠብቀውን እናትነሽን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«አላወቅሁም ነበር» አላት።

«አሁን አውቀሃል» ብላው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ለተሥላሴ አጠገቧ አልቆመችም። ከሩቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ትሰጣታለች፤ ታልፋለች።

በዓመቱ አንዲት ሽንኩርት ገዢ፣ የሰጠኝ ሚስት ሴት ልጅ መውለዷን አወራች። እናትነሽን ለክርስትናው የጠራት የለም።

«እሰይ፣ ማርያም ታሳድግላት» አለችና ሽንኩርቱን መዘነች። ደስታዋ የእውነት ነበር። ቤቷ ገብታ ራቷን ስትሠራ እንኳ ደስ ብሏት ነበር፤ ከዚያ ብቻዋን በላች።