የልጅ ልጄ የማር ዓይን

«ሐኪም ቤት ተቀይራባችሁ እንዳይሆን!» አለች ጎረቤታችን፣ ዛሬ የልጅ ልጄን ቤተክርስቲያን አስባርከን ስንመለስ።

የሕፃኗ ዓይን ማር ነው የሚመስለው። የልጄም የምራቴም ጥቁር ነው። ሁሉም ሳቀ፤ ምራቴ ግን ልጇን በፎጣ ሸፍና ጓዳ ገባች።

ተከትያት ገባሁ። «የአማትሽ ዓይን እኮ ነው።»

«አባባ፣ ሊያጽናኑኝ ነው» አለች። እንዴት ታምነኝ? ባለቤቴ ያረፈችው ልጃችን ገና ሲድህ ነው፤ ያለችን ፎቶ ደግሞ ጥቁርና ነጭ።

ለምሳ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ሰማችን። «ጋሼ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ጥቁር ዓይን ባላቸው ወላጆች ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ልጅ ላይ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ነው የሚመጣው። እስቲ እናትሽን ጠይቂ።»

ምራቴ እናቷ ወዳሉበት ወደ ገለምሶ ደወለች። እናቷ በስልኩ ሳቁ፦ «አያቴን በዓይናቸው ቀለም ‹ድመቱ› ነበር የሚሏቸው! ይሄንን ደግሞ ማን ለአማች ያወራል?»

ምራቴ ወጥታ ፎጣውን ገለጠችና ሕፃኗን ለዚያችው ጎረቤት አስታቀፈቻት።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። የባለቤቴ ዓይን ማር እንደነበር አውቃለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ግን መልኩ ከጠፋኝ ቆይቷል። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ያንን ዓይን ታቅፌ ዋልኩ።

በእናንተስ ቤት ማን በልጅ ፊት ተመልሶ መጣ?