በታደሰ ለውዝ ላይ የበተንኩት

እኔ የነፍስ አባት የለኝም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለጌታ ይናገራል። እኔ ግን ለጌታም ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እህቴ አታውቅም፤ ልጄ አታውቅም፤ ባሌም አያውቅም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ባሌ ታደሰ አገር ቤት ሳለ ባቢሌ አካባቢ በለውዝ ላይ የሚሠራ የግብርና ተመራማሪ ነበር። በስደት አውሮራ የምትባል ከተማ ከመጣን በኋላ የኤርፖርት ታክሲ ነዳ። በሁለት ሺህ ሦስት ግን ጆርጂያ የሚባል ሩቅ ግዛት ውስጥ ለውዝ የሚያጠና ፕሮፌሰር በስልክ አገኘ። ሰውዬው ትንሽ ሙከራ ሠርተህ አሳየኝና ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ቦታ እፈልግልሃለሁ አለው። ታደሰ ቻምበርስ ሮድ ባለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ ባልዲ ደርድሮ፣ ከሱቅ የገዛውን አፈር ሞልቶ ለውዝ ዘራ። ለሁሉም እኩል ማዳበሪያ ሰጠ። ለግማሾቹ ግን ጂፕሰም የሚባል፣ ካልሲየም ያለበት፣ ጀሶ የመሰለ ነጭ ዱቄት ጨመረላቸው፤ ግማሾቹን ከለከላቸው።

ከሥራ ሲመለስ አጠገቡ ያስቀምጠኝና ያስረዳኝ ነበር። ለውዝ አበባውን ከላይ ያወጣና ፍሬውን የሚቋጥረው አፈር ውስጥ ገብቶ ነው። ካልሲየም ከሥሩ አይደርሰውም፤ ፍሬው ራሱ ከዙሪያው አፈር ይመጥጠዋል። ካጣ፣ ቅጠሉ እያማረ ቅርፊቱ ባዶ ይቀራል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ገለባ የሚለቅመው ለዚህ ነው ይለኝ ነበር። ሲናገር ፊቱ ይበራል። እንደዚያ አድርጎ ያናገረኝ ሰው የለም።

እኔ የምሰማው ግን ጆርጂያን ብቻ ነበር። አረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እህቴ ሂሩት ከታች ፎቅ ሆና ሕፃን ልጄን ሶስናን ትይዝልኛለች፤ መዘምራን ገብቻለሁ። ስንት አልቅሼ ገና ሰው መሆኔ ነበር። እንደገና ልነቀል? አልሄድም ማለት እችል ነበር። ለምን አላልኩም? አልሄድም ካልኩት ይቀርልኛል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን በእኔ ያዝናል ብዬ ፈራሁ። ሙከራው በራሱ እንዲከሽፍበት ፈለግሁ።

አበቦቹ ወደ አፈር መውረድ ሲጀምሩ፣ እሱ ሥራ ሄዶ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ ጂፕሰሙን ይዤ ወጣሁ። ልዩነታቸው እንዲጠፋ የከለከላቸው ባልዲዎች ላይ በተንኩት። እኔ ነኝ የበተንኩት። በጣቶቼ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት፤ ውሃ አጠጣሁት፤ እጄን ታጠብኩ። መቼ መጨመር እንዳለበት እንኳ ያስተማረኝ እሱ ነበር።

ሰመር የሚሉት በጋ ሲያልቅ ነቀላቸው። ጂፕሰም ከከለከላቸው ባልዲዎች አንዱን ቅርፊት በአውራ ጣቱ ሰበረ፤ ሙሉ ነው። ሌላ ሰበረ፤ ሙሉ ነው። ሂሩት ፍሬው እንዴት ያምራል ብላ ቆልታ አቀረበች። እሱ አንዲት አልቀመሰም።

«ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው» አለኝ። «ሳላስመረምር ጀመርኩ። ተማሪ እንኳ የማይሳሳተውን።»

«ለፕሮፌሰሩ ልዩነት አለው ብትለውስ? ማን ያያል?» አልኩት።

«እኔ አያለሁ።»

ለፕሮፌሰሩ ደውሎ ያየውን ነገረው። በሚቀጥለው ዓመት ድገመው ቢለውም አልዘራም። ከጊዜ በኋላ ታክሲውንም ትቶ ኮሜርስ ሲቲ ያለ መጋዘን ተቀጠረ። ደግ ነው፤ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሲመጣ ስለ ትራፊኩ ይነግረኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ምንም ነገር አስረድቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን አንደኛ ክፍል የገባችው ሶስና ከትምህርት ቤት በኩባያ የተተከለ ባቄላ ይዛ መጣች።

«ዳዲ፣ ፕላንት ምንድን ነው የሚበላው?» አለችው።

ኩባያዋን ተቀብሎ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። «እኔ አላውቅም የኔ ልጅ። ቲቸርሽን ጠይቂያት» አላት።

ኩሽና ቆሜ ሰማሁ። ያውቃል፤ አባትሽ ከማንም በላይ ያውቃል ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ ደግሞ ሌላውንም ማለት ሊመጣ ነው። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ አስረድቶኛል። ልጅነት ነው እንዳልል፣ የልጅ እናት ነበርኩ። ለእናንተ ስነግራችሁ ቀለለኝም አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ ነው፤ እኔ ግን ለእናንተ እናገራለሁ።